ለከፋ በሕግ ያስቀጣ ወይስ አያስቀጣ?

የሣሪስ ልጅ (ውይይቱን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ለከፋ የምር መነጋገር እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። መንገድ ላይ ሴት መልከፍ በሕግ ያስቀጣ? የእኔ መልስ አዎ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ከቢሮው በር እስከ ሰልፉ ትንሽ መንገድ ናት። በዚያች መንገድ «የኔ ቆንጆ»፣ «እናቷ»፣ «ሰላም አይባልም እንዴ?» ይዘንብብኛል። ዝም ስል «ምን ያኮራሻል!» ይመጣል። ቀጥሎ ስድቡ ይከተላል፣ እዚህ ልጽፈው የማልፈልገው ስድብ። አንዳንዱ እጄን ይይዘኛል። አንዳንዱ መንገድ ይዘጋብኛል። አንዳንዱ ደግሞ እስከ ሰፈሬ ድረስ ይከተለኛል።

እህቶቼ ይህን ያውቁታል። ኢርፎን ጆሯችን ላይ እንሰካለን፣ ዘፈን ግን አንከፍትም። ከኋላ የሚመጣውን ኮቴ መስማት አለብንና። ማንም ሳይደውልልን «አዎ፣ ደርሻለሁ፣ በር ላይ ጠብቀኝ» እንላለን። ፑል ቤቱ በር ላይ ልጆች ከቆሙ ኮብልስቶኑን ትተን በጭቃው በኩል እንዞራለን። አንዲት ጓደኛዬ የማታ ትምህርቷን አቋርጣለች። ክፍያው ከብዷት አይደለም። ከትምህርት ቤቱ እስከ አስፋልቱ ባለው ጨለማ ውስጥ የሚቆሙት ወንዶች ናቸው ያስቀሯት። ጊዜያችን፣ የታክሲ ብራችን፣ ትምህርታችን በዚህ ይሄዳል። ለካፊው ግን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም።

እኔ የምለው ይህ ነው። መንካት፣ መንገድ መዝጋት፣ መከተል ወንጀል ይሁን። በአፍ ብቻ ለሆነው ደግሞ የገንዘብ ቅጣት ይኑር። መንገድ ላይ ቆሻሻ የጣለ ሰው በደንብ አስከባሪ ይቀጣል አይደል? ሴት መንገድ ላይ ሲያዋርዱ ግን የሚጠይቅ የለም። ምን ትላላችሁ?

መርካቶ ተወልጄ

እህቴ፣ ችግሩ የለም አልልም። እኔም እህቶች አሉኝ። ግን ሁሉን ነገር ወንጀል ማድረግ አይዋጥልኝም። ባለቤቴን የተዋወቅኳት መንገድ ላይ ነው። ፒያሳ ጊዮርጊስ ጋ «ሰላም ነሽ?» ብዬ ነው የጀመርኩት። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን። ይህ ሕግ ያኔ ቢኖር ጣቢያ ላድር ነበር?

ሁለተኛ፣ ሕጉ ሲወጣ ማን ላይ ነው የሚያርፈው? ሊስትሮው ላይ ነው። ሱቅ በደረቴው ላይ ነው። ሥራ አጥቶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ልጅ ላይ ነው። የቪኤይት መስኮት ዝቅ አድርጎ የሚለክፈውን ሰውዬ ማን ይነካዋል? አፈሳ ምን እንደሆነ እኛ ሰፈር ያደገ ያውቀዋል። በ1996 የወጣውን የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ አስታውሱ። ዋስትና እንኳ የሚከለክል ነበር። ለፖሊስ ሌላ ዱላ ማቀበል ያስፈራኛል።

የሣሪስ ልጅ

ወንድሜ፣ የፖሊሱ ነገር ትክክል ነው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ያን ቀን ባለቤትህ ዝም ብላህ ብትሄድ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?

መርካቶ ተወልጄ

ዝም ብላኝ ነው የሄደችው። አልተከተልኳትም። ከወር በኋላ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን፣ እሷው ራሷ ሰላም አለችኝ።

የሣሪስ ልጅ

በቃ፣ አንተን የሚነካ ሕግ አልጠየቅኩም። ሰላም አልካት፣ ዝም አለችህ፣ መንገድህን ሄድክ። እኔ የማወራው ዝም ስለው ስለሚሳደበው፣ ስሄድ ስለሚከተለው ሰው ነው። እሱ ሚስት እየፈለገ አይደለም።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ሁለታችሁንም አነበብኩ። በእኛ ጊዜ የሰፈር ልጅ ሴት ሲለክፍ የታየ እንደሆነ ያገኘው ትልቅ ሰው ሁሉ ይቆጣው ነበር። አባቱ ዘንድም ይከሰሳል። ያ ስለጠፋ ነው ዛሬ ሕግ ሕግ የምንለው። ልጅን በቤት ማሳደግ እንጂ በፖሊስ ማሳደግ አይቻልም። ደግሞ ሴቶች ልጆቼ አትቀየሙኝ፣ አለባበስም ቢታሰብበት መልካም ነው። የተራቆተ ልብስ ለብሶ ገበያ መሃል ገብቶ የሚያየኝ በዛ ማለት አይሆንም።

ኡሙ ያሲን

ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎ። እኔ ጅልባብ ነው የምለብሰው። ከፊቴና ከእጄ በቀር የሚታይ ነገር የለኝም። አውቶቡስ ተራ ጋ አንዱ «እስቲ ፊትሽን በደንብ አሳዪን» እያለ እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ከልጄ ጋር ሆኜ ጎረምሶች ጀመሩኝ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። «እማ፣ ያውቁሻል?» አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ።

እናቴ ነጠላ ለብሳ ከለቅሶ ስትመለስ ተለክፋ ታውቃለች። እሷ በስድሳዎቹ ውስጥ ናት። የልብሱን ነገር ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው

ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ የልብሱን ትቼዋለሁ። እናትሽን እግዚአብሔር ያክብራት። ያሳዘነኝ የልጅሽ ጥያቄ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

ጠበቃ ነኝ። አንዳንዶች «ሕግማ አለ፣ ማስከበር ነው የጠፋው» ሲሉ ስለምሰማ ያለውን ላስቀምጥ።

የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ነው። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 አለ። ከዚያ በመለስ ያለው፣ በኃይል ወይም በዛቻ የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊት በ622 ይገኛል። ስድብና ማዋረድ በ615 አለ። ማስፈራራት በ580 አለ። ለከፋን ለብቻው ስም ሰጥቶ የሚቀጣ አንቀጽ ግን አላገኘሁም።

«ታዲያ በስድብ ትክሰሰው» ትሉኝ ይሆናል። ስድብ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። ተበዳይዋ ራሷ አቤት ካላለች ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም አይንቀሳቀሱም። ለማቅረብ ደግሞ ሰውዬው ማን እንደሆነ ማወቅ አለባት። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ለክፎ ሰው መሃል የገባን ሰው ስሙንና አድራሻውን ከየት ታምጣ? 622 ደግሞ ለከባዱ ነው። ታክሲ ውስጥ በመጨናነቅ አሳቦ እጁን የሰደደ ሰው ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ተጠቅሟል ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ወደ ደንብ መተላለፍ (ቀላል ጥፋት) ይወርዳል፣ ወይም እዚያው ጣቢያ በር ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራ ቦታ እንሂድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ምን እንደሆነ ተርጉሞ ይከለክላል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም እንዲሁ። ስለዚህ የሣሪስ ልጅ ቢሮ ውስጥ አለቃዋ ቢተነኩሳት የምትይዘው ሕግ አላት። ከበሩ ወጥታ ታክሲ ሰልፍ እስክትደርስ ግን ባዶ እጇን ናት። ይህ ክፍተት መደፈን አለበት ባይ ነኝ።

ስሜን አትጻፉ (ሴት)

እኔ ጣቢያ ሄጃለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ሰፈራችን የሚውል ነው። ጠዋት ጠዋት እየጠበቀ ይከተለኛል። አንድ ቀን ቦርሳዬን ይዞ አልለቅም አለ። ያኔ ሄድኩ።

ተረኛው ፖሊስ «ነካሽ?» አለኝ። «ቦርሳዬን ያዘኝ» አልኩት። «አንቺን ግን አልነካሽም?» አለኝ። «ታዲያ ምን አደረገሽ ትያለሽ?» ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ልጁን አስጠርተው አመጡት። እናቱም መጣች። እያለቀሰች ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ አለች። ሁሉም በአንድ አፍ «ይቅር በይው፣ ልጅ ነው፣ ጎረቤት ናችሁ» አሉኝ። ምን ላድርግ? ይቅር አልኩ። ከሳምንት በኋላ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ «ከሳሿ መጣች» አለኝ።

ሰፈር ለቅቄያለሁ። ኪራዩ ከድሮው ይበልጣል። እሱ ግን እዚያው ነው።

ረዳቱ

እኔ የታክሲ ረዳት ነኝ። ከመገናኛ ነው የምሠራው። ታክሲ ውስጥ የሚሆነውን ከማንም በላይ የማየው እኔ ነኝ። ሲጨናነቅ እጁን የሚሰድ አለ። ሴቷ አትጮህም። ቦርሳዋን መሃል ታስገባለች፣ ወደ መስኮቱ ትለጠፋለች፣ ከዚያ መውረጃዋ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ትላለች። ሒሳቧን ከፍላ ግማሽ መንገድ ላይ ትወርዳለች። ያኔ ይገባኛል።

አንዴ ሰውዬውን «ውረድ» አልኩት። ምን ሆነ መሰላችሁ? ተሳፋሪው በእኔ ላይ ተነሣ። «ሰዓት አታባክን፣ ንዳው!» አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው ከጎኔ የቆሙት። ትራፊክ አስቁሜ ነገርኩት፣ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። ታዲያ የማን ነው?

ከእኛ ከረዳቶችም ሴት በወገቧ ጎትቶ የሚያስገባ አለ። ደብቄ አላልፍም። ሕጉ ከወጣ እኛንም ይያዝ። ግን ሰውዬውን ይዤ ለማን እንደማስረክበው ይንገሩኝ።

ፓሪስ የከረመው

ረዳቱ ያልከው አንድ ነገር አስታወሰኝ። እዚህ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 ሕግ ወጣ። መንገድ ላይ ወይም ትራንስፖርት ውስጥ ሰውን በፆታው ምክንያት ማዋረድ ከ90 እስከ 750 ዩሮ ያስቀጣል ተባለ። ብዙ ሰው «ማን ያስፈጽመዋል?» ብሎ አጣጣለው። በወሩ ገደማ ግን የመጀመሪያው ፍርድ ተሰጠ። ከፓሪስ ወጣ ባለ አካባቢ ነው። አንድ የሰከረ ሰው አውቶቡስ ውስጥ አንዲትን ሴት መቀመጫዋን መታና አስነዋሪ ነገር ተናገራት። ሹፌሩ በሩን ዘጋበት። ፖሊስ እስኪመጣ አልወረደም። ለንግግሩ 300 ዩሮ ተቀጣ፣ ለመምታቱ ደግሞ እስር ተፈረደበት።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ፖሊሱ እዚያው ካልደረሰ ቅጣቱ የለም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት በመላ አገሪቱ የተጣለው ቅጣት በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ያ ምንም አይደለም። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ተአምር አትጠብቁ ግን።

ከሪያድ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ሳዑዲ ነው የምኖረው፣ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህም እ.ኤ.አ. በ2018 የትንኮሳ ሕግ ወጥቷል። እስከ ሁለት ዓመት እስርና እስከ 100 ሺህ ሪያል ቅጣት አለው። ከባድ ሲሆን እስከ አምስት ዓመትና 300 ሺህ ይደርሳል። መንገድ ላይ ወንዶቹ እንደ ድሮው አይደፍሩም፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ግን ፖሊስ ጋ ለመሄድ መጀመሪያ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይጠየቃል። ኢቃማ የሌላት ልጅ አቤት ልበል ብትል የምትታሰረው እሷ ናት። አሠሪዋ ስልኳንና ፓስፖርቷን የያዘባትም አለች። ለማን ትናገራለች? ስለዚህ አገር ቤት ሕግ ስታወጡ በር ላይ ለምትቆመዋ ሴት አስቡ። መታወቂያ ለሌላት፣ ከገጠር ለመጣች ልጅ፣ ሌሊት ለምትሠራ። ሴተኛ አዳሪ ተለከፍኩ ብላ ብትሄድ ይሰሟታል? የምትለከፈው ከሁላችንም በላይ እሷ ናት።

መምህር ከደሴ

አንድ ነገር ልጨምር። የ9ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎቼ ከግቢ የሚወጡት በቡድን ነው። አንዷ ደብተር ረስታ ከተመለሰች ሌሎቹ ቆመው ይጠብቋታል። በር ላይ የሚቆሙት ትልልቅ ጎረምሶች ናቸው። አጠገባቸው ግን የራሴ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ወንዶች ልጆች ቆመው ይስቃሉ። ቃላቱን ከእነሱ ነው የሚለቃቅሙት። በዓመቱ እነሱ ይጀምራሉ።

ሕጉ ቢወጣ ደስታዬ ነው። የሚያሳስበኝ የ14 ዓመት ልጅ እስር ቤት ገብቶ ሌላ ሰው ሆኖ እንዳይወጣ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

መምህር፣ ለዚህ አሁንም መልስ አለ። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም። ፍርድ ቤት ተግሣጽና ክትትልን የመሰሉ እርምጃዎች ይወስንበታል። ከ15 እስከ 18 ያለውንም ዳኛው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል። አዲስ አንቀጽ ቢገባም ይህ አይቀየርም።

ግብፅንም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኑሃ ሩሽዲ የምትባል ሴት መንገድ ላይ የነካትን ሹፌር አልለቅም ብላ ጣቢያ አደረሰችው። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ትንኮሳን በቀጥታ የሚቀጣ ድንጋጌ ወጣ፣ ከስድስት ወር እስር የሚጀምር። በ2021 እንደገና ጠበቀ። ካይሮ ጎዳና ላይ ለከፋ አልቆመም። ሴቶቹ ግን ጣቢያ ሲገቡ የሚጠቅሱት ቁጥር አላቸው። «ታዲያ ምን አደረገሽ?» ለሚል ፖሊስ የሚሰጥ መልስ ነው።

መርካቶ ተወልጄ

ሁሉንም አነበብኩ። የቦርሳዋ ልጅ ታሪክ አናደደኝ። ሰፈር ለቅቃ መሄድ የነበረባት እሷ አልነበረችም።

እሺ፣ እንስማማ። መንካትና መከተል ወንጀል ይሁን፣ ተቀብያለሁ። በአፍ ለሆነው ግን ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። በአፍ ለከፋ ማንም አይታሰር፣ አንድ ሌሊትም ቢሆን። ቅጣቱ በደረሰኝ ይሁን እንጂ በእጅ አይከፈል። የሚቀጣው ሰው ፍርድ ቤት የመከራከር መብት ይኑረው። እነዚህ ከሌሉበት አልደግፍም። ፖሊሱ መቶ ብር ተቀብሎ የሚለቅበት ሕግ ለእናንተም አይጠቅማችሁም። ባለ ቪኤይቱ ከፍሎ ይስቅባችኋል።

የሣሪስ ልጅ

ሦስቱንም ተቀብያለሁ። ከሪያድ የጻፈችው እህታችን ያለችውም ይግባ። ተበዳይዋ መታወቂያ ኖራትም አልኖራትም፣ ሥራዋ ምንም ይሁን፣ አቤቱታዋ ይመዝገብ።

እኔ የማልለቀው አንድ ነገር አለኝ። መንካት፣ መንገድ መዝጋትና መከተል በግል አቤቱታ የሚቆም መሆን የለበትም። ዐቃቤ ሕግ ራሱ ይክሰስ። እናቱ ጉልበት ስትይዝ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሲላክ ልጅቷ ብቻዋን ናት። ይቅር ካላለች ሰፈሩ ሁሉ እሷን ይጠላል። ክሱ የመንግሥት ከሆነ ግን «በእኔ እጅ አይደለም» ትላለች። ትርፉ ይህ ነው።

መርካቶ ተወልጄ

እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ሽምግልና ከጠፋ ሰፈር ውስጥ ቂም ነው የሚቀረው። እውነት የተጸጸተ ልጅ ካለ፣ ልጅቷም ከልቧ ይቅር ካለች፣ መንግሥት ለምን ይገባል?

ኡሙ ያሲን

ወንድሜ፣ ሽምግልናው መቼም አይጠፋም። ልጁ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ቤተሰብ ይታረቅ፣ ቡና ይጠጣ። ቅጣቱ ግን ይከፈል። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

በ2007 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገብታ የቀረችብንን የ16 ዓመት ልጅ ሁላችንም አልቅሰንላታል። ያን ሰሞን እናቴ «ታክሲ ውስጥ ሴት ከሌለ አትግቢ» አለችኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማደርገው። ልጆቻችንን መቼ ግቡ፣ መቼ አትግቡ እያልን የምናስተምረው እኛ ነን። ወንዶቹስ?

ረዳቱ

ጥያቄዬን ማንም አልመለሰልኝም። ሰውዬውን ይዤ በሩን ብዘጋ እኔ ሰው አግተሃል ተብዬ እከሰሳለሁ?

ሕጉ ምን ይላል

ጥሩ ጥያቄ ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንኛውም ሰው ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ሊያስረክብ ይችላል፣ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አለ። ግን ድርጊቱ ቢያንስ ሦስት ወር እስር የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ለዚህ ነው መንካት በደንብ መተላለፍ ውስጥ መቅረት የለበትም የምለው። ቅጣቱ ከዚያ ካነሰ አንተ በሩን የመዝጋት መብት የለህም። ሕግ አርቃቂ ቢሰማኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው። እስከዚያው 991 ደውል፣ የተሳፋሪ ስልክ ቁጥር ያዝ፣ ለምስክርነት ይሆንሃል።

ረዳቱ

ገባኝ። ነገ ለተራ አስከባሪዎቻችን እነግራቸዋለሁ።